ባሕሩ ከሥር ሲነሣ፦ የካምቻትካ ርዕደ መሬት፣ ሱናሚ እና የደሴቶች ጠረፍ

ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት 8 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ላይ፣ ጎንደር በክረምቱ ዝናብ ሥር ተኝታ ሳለች፣ በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ከካምቻትካ ባሕረ ገብ መሬት ፊት ለፊት ከባሕር በታች 8.8 ሆኖ የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ሲነጋ ራዲዮው ሁሉ ስለ ሱናሚ ያወራ ጀመር። በጃፓን ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከፍ ወዳለ ቦታ እንዲሸሽ ተነገረው፤ በሃዋይ የማስጠንቀቂያ ሳይረን ጮኸ፤ ከፓስፊክ ማዶ በቺሊ ጠረፍ የሚኖሩ ሰዎች ሳይቀሩ ከቤታቸው ወጡ። ቀኑ ሲመሽ ግን ውኃው ገደለ የተባለ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ቡና ላይ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ፣ «ያ የዛሬ ሃያ ዓመቱ ስንት መቶ ሺህ ነፍስ ፈጅቶ የለም እንዴ? ይኼኛውስ በምን ተመለሰ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ፣ በሱማትራ ደሴት አጠገብ የደረሰው መንቀጥቀጥ 9.1 ተለካ፤ በ14 አገሮች ወደ 230 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ። 9.1 እና 8.8 በቁጥር ሲታዩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በሰው ሕይወት ሲቆጠሩ ግን ሰማይና ምድር ሆኑ። ዜና አንባቢ ሁሉ በመጀመሪያ የሚይዘው ያንን ቁጥር ነው፤ እኔ ደግሞ ቁጥሩ ስለ ሱናሚ የሚነግረን ከምናስበው በጣም ያነሰ ነው እላለሁ። ቁጥሩ የመሬቱን ጉልበት ይለካል፤ የማዕበሉን ክፋት የሚወስኑት ግን የባሕሩ መሬት የተንቀሳቀሰበት አቅጣጫ፣ ማዕበሉ ያለፈበት ጥልቀት፣ የገጠመው የጠረፍ ቅርጽ እና በዚያ ጠረፍ የሚኖረው ሰው የሚያውቀው ነገር ናቸው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። በልማድ «በሬክተር ስኬል» እንላለን፤ ዛሬ ለትልልቅ መንቀጥቀጦች የሚሠራበት ስሌት ሌላ ነው፣ ስሙ ብቻ በአፋችን ቀርቷል። በስሌቱ አንድ ሙሉ ቁጥር በጨመረ ቁጥር የሚወጣው ጉልበት 32 ጊዜ ያህል ይበዛል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ሕዝብ ያፈናቀሉት፣ እስከ አዲስ አበባ ፎቆች ድረስ የተሰሙት መንቀጥቀጦች ትልልቆቹ 6 አካባቢ ነበሩ። የካምቻትካው ከእነርሱ ከ10 ሺህ እጥፍ በላይ ጉልበት ነበረው ማለት ነው።

ያ ሁሉ ጉልበት የተጠራቀመው በዝግታ ነው። የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ ሳይሆን ፕሌት በሚባሉ ግዙፍ የዓለት ንጣፎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ በካምቻትካ በኩል የፓስፊክ ንጣፍ በዓመት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተጓዘ ከጎኑ ባለው ንጣፍ ሥር ይገባል። ሁለቱ የሚፋተጉበት ገጽ ለስላሳ ስላልሆነ ተናክሰው ይያዛሉ። የታችኛው ግን መግባቱን አይተውም፤ የላይኛውን ጠርዝ ይዞ ወደ ታች እየጎተተ እንደ ቀርከሃ ያጎብጠዋል። በዚሁ ሥፍራ ከዚህ በፊት ትልቁ መንቀጥቀጥ የደረሰው በ1952 ነበር፤ 73 ዓመት በ8 ሴንቲ ሜትር ሲባዛ ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ የታመቀ ጉዞ ይሆናል። ንክሻው ሲለቅ የጎበጠው ጠርዝ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ላይና ወደ ባሕሩ ይፈናጠራል፤ ከኋላው ያለው መሬት ደግሞ ዝቅ ይላል። የባሕሩ መሬት ከፍ ሲል በላዩ የተኛው ውኃ፣ አራት ሺህም ይሁን ስድስት ሺህ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ ከታች እስከ ላይ አብሮት ይነሣል።

ለጎንደር ሰው ይህን በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ማስረዳት ይቀላል። በጥምቀት ማለዳ ውኃው ተባርኮ ወጣቶቹ ከግንቡ ላይ ሲዘሉ ውኃው ይረጫል፣ ሞገዱም ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ያ ከላይ የመጣ ነውጥ ነው። አሁን ደግሞ ማንም ሳይዘል የገንዳው ወለል ግማሹ በድንገት አንድ ክንድ ከፍ አለ እንበል። በላዩ ያለው ውኃ ወደ ጎን ለመሸሽ ጊዜ ስለማያገኝ የወለሉን ቅርጽ ይዞ ጉብታ ይሠራል፤ ከዚያ ጉብታው በገዛ ክብደቱ ይፈርስና ወደ ዙሪያው ይሰራጫል። ሱናሚ ማለት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በ2004፣ ማለትም በ1997 ዓ.ም. በሱማትራው መንቀጥቀጥ፣ የተነቀነቀው «ገንዳ» ርዝመቱ 1,300 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፤ ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ደርሶ መልስ ሊሞላው ጥቂት የቀረው።

በጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሄደ ሰው የሚያውቀው ሞገድ ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው። የጣና ሞገድ የነፋስ ሥራ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው የላይኛው ውኃ ነው፤ ከአንዱ ሞገድ ራስ እስከ ሌላው ያለው ርቀት ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። በሱናሚ ግን ያ ርቀት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል፤ የሚንቀሳቀሰውም ውኃው በሙሉ ነው።

እዚህ ላይ የቁጥሩ አሳሳችነት ይገለጣል። ሚያዝያ 2012 ላይ በዚያው በሱማትራ አቅጣጫ 8.6 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። የ2004ን ያዩ ሰዎች በድንጋጤ ወደ ኮረብታ ሮጡ፤ የመጣው ግን እዚህ ግባ የማይባል ሞገድ ነበር። ምክንያቱ የተሰነጠቀው ዓለት ሁለቱ ወገኖች አንዱ በሌላው ሥር ሳይሆን ጎን ለጎን ተጋፍተው መንሸራተታቸው ነው። ወለሉ ወደ ጎን ሄደ እንጂ ከፍና ዝቅ ስላላለ ውኃውን የሚያነሣው ነገር አልነበረም። በአንጻሩ በመጋቢት 2011 በጃፓን ቶሆኩ መንሸራተቱ ንጣፎቹ እስከሚገናኙበት የባሕር ገደል አፍ ድረስ ዘለቀ፤ የባሕሩ መሬት ወደ 50 ሜትር የሚጠጋ ወደ ጎን፣ ብዙ ሜትርም ወደ ላይ ተንቀሳቀሰ፤ ውኃውም በአንዳንድ ሸለቆዎች እስከ 40 ሜትር ከፍታ ወጣ።

አንዴ ከተነሣ በኋላ ሱናሚው የሚታዘዘው ለጥልቀት ነው። ስሌቱ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ነው፤ የውኃው ጥልቀት በሜትር በ9.8 (በምድር ስበት መጠን) ይባዛል፣ የውጤቱ ስኩዌር ሩት ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ ይሰጣል። 4,000 ሜትር ጥልቀት ባለው ውቅያኖስ ላይ ፍጥነቱ በሰዓት 710 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የአውሮፕላን ያህል። ጥልቀቱ 8 ሜትር በሆነ የጣና ክፍል ቢሆን ኖሮ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሄድ ነበር፤ በአዘዞ መንገድ ላይ እንደምናያት ባጃጅ። ይህ ስሌት የሚሠራው ሞገዱ ከጥልቀቱ ይልቅ እጅግ ረጅም ሲሆን ነው፤ ለ200 ኪሎ ሜትር ሞገድ ደግሞ 4 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለው ውቅያኖስ ራሱ እንደ ኩሬ ነው።

በዚያ ፍጥነት የሚሄድ ማዕበል መርከብ የማይሰብረው ቁመት ስለሌለው ነው። በ2004 መንቀጥቀጡ ከደረሰ ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ጄሰን 1 የተባለች ሳተላይት በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ስታልፍ የለካችው የማዕበል ቁመት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። ማዕበሉ ከመርከቡ በታች ሲያልፍ መርከበኛው አይሰማውም። ቃሉ ራሱ ይህን ይመሰክራል፤ «ሱናሚ» በጃፓንኛ የወደብ ማዕበል ማለት ነው፤ የሚታወቀው ወደብ ሲደርስ ነውና።

ወደ ጠረፍ ሲቀርብ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሊማሊሞን በመኪና የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ የፊተኛው ጭነት መኪና አቀበቱ ላይ ሲዘገይ ከኋላ ያሉት እየደረሱ ይታጨቃሉ። የሱናሚው ግንባር ጥልቀት ወደሌለው ውኃ ሲገባ ይዘገያል፤ ጅራቱ ገና ጥልቁ ውስጥ ስለሆነ በፍጥነት ይደርስበታል፤ በረጅሙ የተዘረጋው ውኃ ሲጨናነቅ የሚሄድበት ወደ ላይ ብቻ ነው። ከ4,000 ሜትር ጥልቀት ወደ 10 ሜትር ሲደርስ ይህ ብቻውን ቁመቱን ከአራት እጥፍ በላይ ያሳድገዋል፤ ጠባብ የባሕር ሰላጤ ሲያገኝ ደግሞ ከዚያም በላይ ያብጣል።

በሥዕል እንደሚታየው ራሱ ላይ የሚጠቀለል ግድግዳ ሆኖ የሚመጣው ጥቂቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክረምት ላይ ቀሃንና አንገረብን እንደሚሞላው ደራሽ ነው፤ ይመጣል፣ መምጣቱን አያቆምም። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አሥር ኩንታል ይመዝናል፤ በዚያ ላይ የመኪና፣ የጀልባና የጣሪያ ስብርባሪ ያዝላል፤ ስለዚህ እስከ ሰው ጉልበት የማይደርስ ውኃ እንኳ ሰው ይጥላል። ከደራሽ የሚለየው ደግሞ ተመልሶ መምጣቱ ነው። በአንዱና በሚቀጥለው ማዕበል መካከል ከአሥር ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል፤ የመጀመሪያውም የግድ ትልቁ አይደለም። በግንቦት 1960 በቺሊ ከደረሰው፣ እስከ ዛሬ ከተለኩት ሁሉ ትልቁ ከሆነው የ9.5 መንቀጥቀጥ 15 ሰዓት ያህል በኋላ ማዕበሉ ሃዋይ ደሴት ላይ ሂሎ ከተማ ደረሰ። ማስጠንቀቂያ ተሰምቶ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሞገዶች ግን ትንንሽ ስለነበሩ ብዙ ሰው ከቦታው አልሄደም፣ የሄደውም ተመለሰ። ቀጥሎ የመጣው 61 ሰው ገደለ።

አንዳንዴ ደግሞ በቅድሚያ የሚደርሰው የሞገዱ ጎድጓዳ ክፍል ነው። ያኔ ባሕሩ ይሸሻል፤ ዓሣው በአሸዋው ላይ ይንደፋደፋል፤ የማያውቅ ሰው ሊያይ ወይም ሊለቅም ይወርዳል። በ2004 በብዙ የባሕር ዳርቻዎች የሆነው ይህ ነው።

ስለ ደሴቶች ስናስብ በየአቅጣጫው በውኃ የተከበበ መሬት ሁሉ እኩል የተጋለጠ ይመስለናል፤ እንዲያ አይደለም። ማልዲቭስ ከፍታዋ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል ከ2 ሜትር ያነሰ፣ ኮረብታ የሚባል ነገር የማያውቅ አገር ናት። በ2004 ከምድር ገጽ ትጠፋለች ተብሎ ቢገመት ማንም አይፈርድም ነበር፤ የሞተው ሰው ግን ወደ 100 ገደማ ሲሆን፣ በስሪላንካ ከ30 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። በእርግጥ ስሪላንካ ለመነሻው ትቀርባለች፤ ሕዝቧም እጅግ ይበዛል። ይሁንና የባሕሩ ወለል ቅርጽም የራሱ ድርሻ ነበረው። የማልዲቭስ ደሴቶች ከጥልቅ ባሕር ቀጥ ብለው እንደ ግንብ የወጡ የኮራል፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የገነቧቸው፣ ዓለቶች ናቸው፤ ማዕበሉ የሚዘገይበትና የሚታጨቅበት ሰፊ ጥልቀት የለሽ ሜዳ አላገኘም፤ ስለዚህ ብዙም ሳያብጥ በመካከላቸው አለፈ። ዝግ ብሎ ወደ ባሕር የሚያዘነብል ውብ አሸዋማ ዳርቻ፣ ለሽርሽር የሚመረጠው ማለት ነው፣ ለማዕበሉ ግን የተመቸ መወጣጫ ይሆንለታል።

የደሴት ጀርባም መሸሸጊያ ነው ማለት አይቻልም። በታኅሣሥ 1992 በኢንዶኔዥያ ፍሎሬስ አጠገብ የደረሰው ሱናሚ ባቢ የምትባል ክብ ደሴት አገኘ። ማዕበሉ የመጣው ከሰሜን ነበር፤ ክፉኛ የተመቱት መንደሮች ግን በደቡብ፣ በጀርባዋ ያሉት ናቸው። ማዕበሉ ደሴቲቱን በግራና በቀኝ እንደ እጅ አቅፎ ዞረ፤ ሁለቱ ክንዶች ከኋላ ሲገናኙ ውኃው በውኃ ላይ ተቆለለ። ከዚያ ወዲህ ይህ ክስተት በላቦራቶሪ ገንዳ ውስጥ ክብ ጉብታ ተሠርቶለት ተጠንቷል።

መሬቱ ራሱ ከቦታው መነሣቱ ደግሞ ለእኛ ለደጋ ሰዎች ለማመን የሚያስቸግር ነው። በ2004 የሕንድ ግዛት የሆኑት የኒኮባር ደሴቶች መንቀጥቀጡ ባቆመበት ቅጽበት ዝቅ ብለው ቀሩ፤ በደቡብ ጫፋቸው ላይ የነበረው መሬት ከ4 ሜትር በላይ ሰጥሞ፣ በየብስ ላይ የቆመው የመርከብ መብራት ማማ ዛሬ በባሕር ውስጥ ቆሟል። በ2007 ደግሞ በሰሎሞን ደሴቶች ራኖንጋ እስከ 3 ሜትር ከፍ አለች፤ በዙሪያዋ የነበረው ሕያው ኮራል ከውኃ ወጥቶ በፀሐይ ደረቀ። አንደኛዋ ዳርቻዋን በባሕር ተነጠቀች፤ ሁለተኛዋ ዳርቻ ተጨምሮላት ዓሣ የሚራባበትን አጣች።

ውኃው ከተመለሰ በኋላ የሚቀረውን ጉዳት ዜናው ብዙም አያነሣውም። የጣና ደሴት ነዋሪ ውኃ ሲጠማው ከሐይቁ ይቀዳል። በኮራል ደሴት ላይ ግን የሚጠጣው ውኃ ከዝናብ የተጠራቀመ፣ ከመሬት በታች በጨው ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ስስ ሽፋን ነው። ማዕበል አንዴ ሲያልፍበት ጉድጓዱም እርሻውም ጨው ይሆናል፤ ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ ብዙ ክረምት ይፈልጋል።

ማስጠንቀቂያን በተመለከተ በዓለም ላይ ያለው ሥርዓት የተተከለው በደሴት ሰዎች ደም ላይ ነው። በ1946 ከአላስካ አጠገብ ከአሌውሺያን ደሴቶች የተነሣ ሱናሚ በሃዋይ 159 ሰው ስለገደለ በ1949 የፓስፊክ ማስጠንቀቂያ ማዕከል እዚያው ተቋቋመ። የሕንድ ውቅያኖስ ተመሳሳይ ነገር ለማግኘት 2004ን መጠበቅ ነበረበት። ዛሬ በጥልቁ ወለል ላይ የተቀመጡ የግፊት መለኪያዎች ከላያቸው ያለው ውኃ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲለዋወጥ ያውቃሉ፤ መልእክቱን ወደ ተንሳፋፊ መሣሪያ፣ ከዚያም ወደ ሳተላይት ይልካሉ። ሃዋይን ወይም ቺሊን ለመሰለ ከመነሻው ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ለሚርቅ ጠረፍ ይህ እውነተኛ መዳኛ ነው።

ለቅርብ ደሴት ግን መሣሪያው አይደርስም። በሐምሌ 1993 በጃፓን ኦኩሺሪ ደሴት ማስጠንቀቂያው መንቀጥቀጡ ከደረሰ አምስት ደቂቃ በኋላ ወጣ፤ ለመሥሪያ ቤት ይህ ፈጣን ሥራ ነው፤ ማዕበሉ ግን ቀድሞ ገብቶ ነበር። በ2018 በኢንዶኔዥያ ፓሉ የሆነው ከዚህም የከፋ ነው፤ ንጣፎቹ የተንሸራተቱት ጎን ለጎን ስለነበር እንደ 2012ቱ በትንሽ ሞገድ ማለፍ በተገባ፣ ነገር ግን በጠባቡ ሰላጤ ውስጥ የተናደው መሬት ተጨምሮበት በደቂቃዎች ውስጥ ከተማዋ ተመታች። ቅድም ያልሁትን የጎንና የላይ ልዩነት እንደ ሕግ የሚይዝ ሰው ይህንንም አብሮ ይያዝ።

እንግዲህ በቅርብ ደሴት ላይ የሚኖር ሰው በምን ይድናል? ለዚህ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ምስክር ሲመሉ የምትባለው ደሴት ናት። በሱማትራ ምዕራብ ለ2004ቱ መነሻ እጅግ የቀረበች ስትሆን፣ ማዕበሉ የደረሰባት በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ ነው። ከ70 ሺህ በላይ ከሚሆነው ሕዝቧ የሞቱት 7 ብቻ ናቸው። ሳይረን አልነበራትም፤ ተንሳፋፊ መሣሪያም አልነበራትም። የነበራት «ስሞንግ» የሚል አንድ ቃል ነው። በ1907 ሱናሚ ብዙ ሰው ከፈጀባቸው በኋላ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው በተረትና በእሹሩሩ፣ ምድር በብርቱ ከተናወጠች፣ ባሕሩም ከሸሸ፣ ዕቃ ሳትይዝ ወደ ኮረብታ ሩጥ እያሉ አስተላለፉት። እኛም የክፉ ቀንን ረኃብ ያወቅነው ከመጽሐፍ ይልቅ በቃል ግጥም ስለሆነ ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። የሲመሉ ሰዎች ግጥሙን ከታሪክነት አልፈው እንደ መመሪያ ያዙት።

ሱማትራ ሩቅ ናት የሚል ቢኖር፣ ያ ማዕበል ሰባት ሰዓት ያህል ተጉዞ በዚያው ቀን ረፋድ የሶማሊያን ጠረፍ መታ። ሐፉን፣ በቀጭን የአሸዋ መሬት ከየብስ ጋር የተያያዘች፣ ደሴት ለመባል ጥቂት የቀራት የዓሣ አጥማጆች መንደር ክፉኛ ተጎዳች፤ በሶማሊያ የሞተው ወደ 300 ይጠጋል። ሰባት ሰዓት ረጅም ጊዜ ነው፤ የሚነግራቸው ግን አልነበረም። በኬንያ ባለሥልጣናቱ ከእስያ የሚመጣውን ዜና ሰምተው ዳርቻዎቹን ሰው እንዲለቅ ስላደረጉ የሞተው አንድ ሰው ነው።

የኢትዮጵያ መሬት ይንቀጠቀጣል፤ የፋሲል ግቢ አስጎብኚዎችም የአፄ ኢያሱን ቤተ መንግሥት ሲያሳዩ በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ እንደጎዳው ይናገራሉ። የእኛ ግን የተለየ ዓይነት ነው። በስምጥ ሸለቆና በአፋር ንጣፎቹ ይራራቃሉ እንጂ አንዱ በሌላው ሥር አይገባም፤ በ1998 ዓ.ም. መግቢያ በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሬት እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። በሚራራቅ ቀጭንና ትኩስ ቅርፊት ላይ 9 የሚያክል ጉልበት ተጠራቅሞ አይቆይም። ቀይ ባሕርም በዚሁ መንገድ እየሰፋ ያለ ባሕር ስለሆነ የሱማትራን ዓይነት ገደል የለውም። በማኅበራዊ ሚዲያ «ሱናሚ ወደ ቀይ ባሕር እየመጣ ነው» የሚል ወሬ ሲዘዋወር መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው።

ለጎረቤቴ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ግን ስለ አንዲት ከተማ ነበር። ሴቬሮ ኩሪልስክ ከካምቻትካ በስተ ደቡብ በፓራሙሺር ደሴት ላይ ትገኛለች። በ1952 መንቀጥቀጡ ሌሊት ሲደርስ ነዋሪዎቿ ወደ ኮረብታው ሸሹ፤ የመጀመሪያው ማዕበል ሲመለስ ያለፈ መስሏቸው ብዙዎቹ ልጆቻቸውንና ዕቃቸውን ሊያዩ ወረዱ፤ ከእርሱ የበለጠው ሁለተኛው በሜዳው ላይ አገኛቸው። ከ2,000 በላይ ሰው ሞተ፤ ከተማዋም ጠፋች። እንደገና ስትሠራ ቤቶቹ የተሠሩት ከፍ ባለው ቦታ ላይ ነው። ሐምሌ 23 ውኃው ተመልሶ ሲመጣ ወደቡን ሞላ፤ የዓሣ ፋብሪካውን አጥለቀለቀ፤ ዕቃ መጫኛ ሣጥኖችን እያንሳፈፈ ወሰደ። ቤቶቹ ከበላዩ ነበሩ፤ ሰዎቹም ከቤቶቹ ከፍ ብለው ኮረብታው ላይ ቆመው ያዩት ነበር።